ቆሮሶ በባስ ኩሬ

አቦሉ ወርዷል፣ ቶናው ደግሞ እየተንተከተከ ነው። ስለዚህ አትቸኩል ወዳጄ፣ ወንበርህን ጠጋ አድርግ፤ ፈንዲሻውም እዚያው አጠገብህ ነው። ዛሬ የማጫውትህ ስለ ዓሣ ነው። ስለ ዓሣ ደግሞ ምን ይወራል ትለኝ ይሆናል። ብዙ ይወራል እንጂ! እኛ ዘንድ ዓሣ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ብሎ መጥበሻው ላይ ያርፋል፤ ጥብሱ ይሻላል፣ ጉላሹ ይሻላል፣ ዱለቱ ይሻላል እንባባላለን። የዛሬው ጨዋታ ግን ሰው ስለሚበላው ዓሣ ሳይሆን ዓሣ ስለሚበላው ዓሣ ነው።

ቆሮሶን ታውቀዋለህ። ሐዋሳ የሄደ ሰው አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም፤ እዚያ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ከመረብ የሚራገፈው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ተኮልኩለው አንጀቱን የሚጠብቁለት፣ ጎኑ ጠፍጠፍ፣ የጀርባው ክንፍ እሾሃም የሆነው ዓሣ እሱ ነው። የዝዋይም፣ የጫሞም፣ የጣናም ልጅ ነው። ፈረንጆቹ ቲላፒያ ይሉታል። ዳላስ ወይም አትላንታ ያለ ዘመድህ አጥንቱ ወጥቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ በረዶ ሆኖ ከሱቅ ይገዛዋል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያው ቴክሳስና አላባማ ውስጥ አንድ ባለ መሬት በሚያዝያ ወር በሕይወት ያለ ቆሮሶ በመኪና ታንከር አስመጥቶ ኩሬው ውስጥ የሚለቀው ለምን ይመስልሃል? ሊበላው? አይደለም። አሳድጎ ሊሸጠው? እሱም አይደለም። ለሌላ ዓሣ ቀለብ እንዲሆንለት ነው።

ያ ሌላው ዓሣ ባስ ይባላል። ሙሉ ስሙ ላርጅማውዝ ባስ ነው፤ ትልቅ አፍ አለው፣ የመንጋጋው ጥግ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። አሜሪካኖች ለዚህ ዓሣ ያላቸው ፍቅር በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ለእሱ ብለው ጀልባ ይገዛሉ፣ ሌሊት ይነሣሉ፣ ውድድር ያዘጋጃሉ። ይህን ሁሉ ደክመው የያዙትን ዓሣ ደግሞ ብዙዎቹ መዝነው፣ ፎቶ አንሥተው መልሰው ውሃ ውስጥ ይለቁታል። ደስታቸው ከመያዙ ላይ ነው። ስለዚህም ባለ ኩሬው ቀንና ሌሊት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ባሱ እንዴት ይወፍርልኝ?

ስለ መወፈር ካነሣን የጆርጅ ፔሪን ነገር ሳላጫውትህ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፤ ያ ክፉ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን አንቆ የያዘበት ጊዜ። ፔሪ የጆርጂያ ወጣት ገበሬ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ፣ መሬቱ ረጥቦ ለእርሻ ባልተመቸበት ቀን፣ ከጓደኛው ጋር ሞንትጎመሪ ወደሚባል ሐይቅ ወረደና 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ። በእኛ ሚዛን 10 ኪሎ ይሞላል። አስመዘነው፣ አስመዘገበው፤ ከዚያስ ምን አደረገው? ቤቱ ይዞት ገባና ከቤተሰቡ ጋር ተመገበው። ጊዜው የረሃብ ነዋ! በዚያ ዘመን ለአንድ ቤት 10 ኪሎ ዓሣ ማለት ከየትኛውም ዋንጫ ይበልጣል። እኔ በዚህ ታሪክ የምወደው ይህንን ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነ ዓሣ ሥራውን ድስት ውስጥ ጨረሰ።

ይህ ክብረ ወሰን ከ70 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ከቢዋ ሐይቅ ከፔሪ ጋር እኩል የሚቆጠር ባስ አወጣ። ኩሪታ መንጠቆው ላይ ያደረገው ማጥመጃ ምን ነበር መሰለህ? በሕይወት ያለ ብሉጊል የሚባል ትንሽ ዓሣ። ይህችን ብሉጊል አስምርባት፤ በኋላ እንፈልጋታለን። ብሉጊል የአሜሪካ ዓሣ ናት፤ ጃፓን ምን አደረሳት? እ.ኤ.አ. በ1960 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ ቺካጎን ሲጎበኙ የከተማይቱ ከንቲባ በስጦታ ሰጧቸው። አኪሂቶ የዓሣ ሳይንስ ወዳጅ ናቸውና ይዘዋት ሄደው ለዓሣ ምርምር ተቋም አስረከቡ። ከዚያ አምልጣ ሐይቁን ወረሰችው። እ.ኤ.አ. በ2007፣ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በዚያው በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ተገኝተው በነገሩ ማዘናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥት ስለ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲያዝን አስበው! ትልቅ ሰው እንዲህ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? «ነግረንህ ነበር» ይሉ ነበር።

ባስ ራሱም ቤቱ አልቀረም። ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ፣ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለዓሣ አጥማጆች መዝናኛ ተብሎ መጥቶ ዛሬም እዚያ አለ። የእነሱ ዓሣ ወደ አፍሪካ፣ የአፍሪካው ደግሞ ወደ እነሱ፤ ውሃው በየአገሩ ተቀላቅሏል።

እንግዲህ ወደ ኩሬያችን እንመለስ። ስኒህን አቀብለኝ፣ ልድገምልህ።

አላባማ ውስጥ፣ ዛሬ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ቦታ፣ ሆመር ስዊንግል የሚባል ሰው ነበር። ትምህርቱ የነፍሳት ጥናት ነበር፤ እየቆየ ግን ልቡ ወደ ዓሣ አዘነበለና እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ዕድሜውን በኩሬ ዳር ጨረሰ። ምን ያደርግ ነበር? ኩሬ ያስቆፍራል፣ ዓሣ ይለቅበታል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ውሃውን አስፈስሶ በውስጡ ያለውን ዓሣ በሙሉ እየለየ ይመዝናል። ደግሞ ሌላ ኩሬ፣ ደግሞ ሌላ። ይህ ሁሉ ድካም ያስተማረው ነገር በእኛ ገበሬ ዘንድ አዲስ አይደለም፤ ኩሬ እንደ ግጦሽ መሬት ነው፣ የሚችለው የአፍ ቁጥር አለው። ስዊንግል ግን ይህን በሚዛን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት የሚበሉት ዓሦች ክብደት ከበላተኞቹ ክብደት ከ3 እስከ 6 እጥፍ ሲሆን ኩሬው ጤናማ ነው፣ ሰውም ከዓመት ዓመት ዓሣ ያገኝበታል አለ።

ለዚህ የመረጠው ጥንድ ባስንና ያቺን ብሉጊልን ነው። ማዳበሪያ በሚደረግበት ኩሬ ለአንድ ኤከር 1000 የብሉጊል ጫጩት በመከር፣ 100 የባስ ጫጩት ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ይገባል። ለምን ብሉጊል ትቅደም? ባስ ሲመጣ ማዕዱ ቀርቦ እንዲጠብቀው ነዋ! ብሉጊል በበጋ ደጋግማ ትራባለች፤ ልጆቿ የባስ ቀለብ ይሆናሉ፤ ባሱ ደግሞ ቁጥሯን እየቀነሰ የቀሩት እንዲያድጉ ቦታ ይሰጣል። አንዱ ለአንዱ ጠባቂ፣ አንዱ ለአንዱ ምግብ። ይህ ጥምረት ዛሬም በአሜሪካ ደቡብ የኩሬ ሁሉ መሠረት ነው።

ታዲያ መሠረቱ ይህን ያህል ካማረ ቆሮሶ ለምን ያስፈልጋል? ጥሩ ጠየቅህ። ጊዜ ሲያልፍ ባሱ ይበዛል። ባለቤቱ የያዘውን ሁሉ ስለሚለቅ አፉ በዓመት በዓመት ይጨምራል፤ ማዕዱ ግን ያው ነው። ከዚያ ባሱ ማደጉን ያቆማል። ሁሉም አንድ ቁመት፣ ሁሉም አንድ ክሳት። ስትይዘው ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ጀርባው የሳሳ ዓሣ እጅህ ላይ ይቀራል። የኩሬ ሰዎች በግምት ሲናገሩ አንድ ባስ አንድ ፓውንድ እንዲጨምር 10 ፓውንድ ያህል ዓሣ መዋጥ አለበት ይላሉ። እስቲ አስበው፤ 10 ፓውንድ ማለት 4 ኪሎ ተኩል ነው። ለአንድ ባስ ይህን ካልክ ለመቶው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ነው የሐዋሳው ዘመዳችን የሚገባው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እንደሚባለው ቆሮሶና ብሉጊል አንድ ውሃ ውስጥ ይኑሩ እንጂ ኑሯቸው ለየብቻ ነው። ብሉጊል በአብዛኛው ትላትልና ነፍሳት ለቃሚ ናት። ቆሮሶ ግን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ያንኑ ደቃቅ ነገር፣ አልጌውንና ከታች የተጋገረውን ብስባሽ ይበላል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልህ። ፀሐይ አልጌውን ታበቅላለች፣ ቆሮሶ አልጌውን ይበላል፣ ባስ ቆሮሶውን ይበላል፤ በመሐል ሌላ አሻሻጭ የለም። መንገዱ ባጠረ ቁጥር በየመንገዱ የሚባክነው ያንሳል። ባለ ኩሬዎቹም አንድ ተጨማሪ ጥቅም ያገኛሉ፤ ውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋውን ፀጉራም አልጌ ቆሮሶው እየጋጠ ያሳሳላቸዋል። ስለዚህ መርዝ ከመርጨት የቆሮሶን አፍ የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንን ነው።

ስለ አረባቡ ደግሞ ልንገርህ፤ ይህ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ወንዱ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ፣ አሸዋው ላይ፣ በአፉ እየጠረገ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ሴቷ መጥታ ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያው መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ከዚያ በኋላ ትሄዳለች፤ ዕንቁላሉ ግን አፏ ውስጥ ነው። በአፏ ታቅፋ ትፈለፍለዋለች። ምን ትበላለች ትለኛለህ? አትበላም! አንድ ሁለት ሳምንት ሆዷን አስራ ትቆያለች። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳን አደጋ ሲመጣ ወደ እናታቸው አፍ ዘለው ይገባሉ፤ አደጋው ሲያልፍ ይወጣሉ። የጥንት ግብፆች ይህን አይተው ቆሮሶን የዳግም ልደት ምልክት አድርገውት ነበር። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከነባሙን መቃብር የተወሰደ የአትክልት ኩሬ ሥዕል አለ፤ ዕድሜው 3300 ዓመት ያልፋል፣ ኩሬው ውስጥ የሚዋኘውም ቆሮሶ ነው። እንግዲህ ቆሮሶን ኩሬ ውስጥ አድርጎ ማየት የዛሬ ሰው ፈጠራ አይደለም።

ውሃው ሞቅ ካለ፣ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካለፈ፣ ቆሮሶ መራባት ይጀምራል፤ ሙቀቱ እስከቀጠለም በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋግማል። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ትልቅ ከሆነች ከሺህ በላይ ጫጩቶች ታወጣለች። በግንቦት የተፈለፈለችውም በበጋው መጨረሻ ራሷ እናት ልትሆን ትችላለች። ባሱ በፀደይ አንድ ጊዜ ተራብቶ ሲያበቃ፣ ብሉጊል ደጋግማ ስትደክም፣ ቆሮሶ ያለ ዕረፍት በየመጠኑ ትንንሽ ዓሣ ያወርዳል። ለትንሹ ባስ ትንሽ ጫጩት፣ ለትልቁ ባስ መዳፍ የምታህል። ባስ ዓሣ የሚውጠው በሙሉው ስለሆነ ይህ የመጠን ነገር ዋና ጉዳይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው የቁመቱን ሩብ ወይም ሲሶ የሚያህለውን ነው።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ስማ። ቆሮሶን ለገበያ የሚያረቡ ሰዎች ትልቁ ጠላታቸው ይኸው መራባቱ ነው። ገንዳው በጫጩት ከሞላ ለሰው ሳህን የሚበቃ ዓሣ አይወጣም፤ ሁሉም ድንክ ይሆናል። ስለዚህ ገና በጫጩትነቱ በሆርሞን ወይም በማዳቀል ሁሉም ወንድ ብቻ እንዲሆን ያደርጉታል። ለባስ ኩሬ ይህ ዓሣ ምን ይጠቅማል? ምንም! የተገዛው ዓሣ ልጅ ካልወለደ ገንዘቡ ውሃ በላው። ስለዚህ ለኩሬው ቆሮሶ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ነው?» የሚል። ዋጋው ረከሰልኝ ብሎ ሳይጠይቅ የገዛ ሰው በበጋው መጨረሻ የሚያገኘው የለቀቀውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም ባሱ ካተረፈለት።

መጠኑም እንደዚያው ነው። ጣት የምታህል ጫጩት ገዝቶ በተራበ ባስ መሐል የለቀቀ ሰው አንድ ምሳ አበላ እንጂ ኩሬ አላስተካከለም። የሚለቀቀው እናትና አባት መሆን የሚችል፣ ባሱ ሊውጠው የማይችል ትልቅ ቆሮሶ ነው፤ ከ18 እስከ 25 ሳንቲሜትር የሚሆን። ብዛቱ እንደ ዓላማው ይለያያል፤ ለባስ ቀለብ ብቻ ከሆነ ለአንድ ኤከር ከ5 እስከ 20 ፓውንድ ድረስ ይለቃሉ፤ አልጌውንም እንዲጠርግ የሚፈልጉ ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። ጊዜውም ውሃው ከክረምቱ ቅዝቃዜ ተላቆ ወደ 18 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? በመጋቢት አንድ ሁለት ሞቃት ቀን አይቶ የለቀቀ ሰው በሳምንቱ ብርድ ሲመለስ ሬሳ ይለቅማል። ዓሣው ሲደርስም ከታንከሩ አውጥቶ ዝም ብሎ መወርወር አይገባም፤ የኩሬውን ውሃ ቀስ እያሉ ወደ ታንከሩ በመጨመር ሙቀቱን ማለማመድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በጋው ይመጣል። በጋው ላይ ብዙ የማወራህ የለኝም፤ ቆሮሶው ይራባል፣ ባሱ ይበላል፣ ባለቤቱ ቢፈልግ ትንሽ ተንሳፋፊ መኖ ይጨምራል። ጨዋታው ያለው መከር ላይ ነው።

መከር ሲገባ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ባስ ብርድ የሚችል ዓሣ ነው፤ ውሃው 15 ዲግሪ ቢሆን ምኑም አይደለም። ቆሮሶ ግን የሙቅ ውሃ ልጅ ነው። ሐዋሳም ዝዋይም እንዲህ ያለ ክረምት አያውቁም፤ ከአያቶቹ የወረሰው የብርድ ትምህርት የለውም። ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፤ ከዚያ ሲቀጥል ይዝላል፣ መሸሽ ያቅተዋል፣ ዳር ዳሩን ይንገዳገዳል። ባሱ ይህን ያውቃል። በበጋ እያባረረ የሚይዘውን አሁን ቆሞ ይለቅመዋል። ያቺ ጥቂት ሳምንት የባስ ፋሲካ ናት። ክረምቱን በስብ ይገባል፤ ሴቷም በፀደይ የምትጥለውን ዕንቁላል የምታዘጋጀው ከዚሁ ጥጋብ ነው። ውሃው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የተረፈው ቆሮሶ ይሞታል። ሰማያዊ ቲላፒያ የሚባለው ዘመዱ ትንሽ ይበልጥ ይቋቋማል፤ እሱም ቢሆን ድፍን የበረዶ ክረምት አይችልም።

እና እኔ በዚህ ሁሉ ጨዋታ ልነግርህ የፈለግሁት ዋና ነገር ይኸው ነው። ቆሮሶ ለባስ ኩሬ በረከት የሚሆነው መራባቱ ብቻ አይደለም፤ መሞቱም ጭምር ነው። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት» የሚባለው በእሱ ላይ በደንብ ይሠራል። በክረምት የሚሰናበት ከሆነ ወርቅ ነው። የማይሰናበት ከሆነስ?

የማይሰናበትበትን ቦታ አሜሪካኖች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1961 የፍሎሪዳ የዱር እንስሳትና ዓሣ መሥሪያ ቤት ሰማያዊ ቲላፒያን ከአላባማ አስመጥቶ በሂልስቦሮ አካባቢ ባሉ የድሮ የፎስፌት ማውጫ ጉድጓዶች ውስጥ ለሙከራ ለቀቀ፤ አረም ያጠፋ ይሆናል፣ ለአጥማጁም ይጠቅም ይሆናል ብሎ። የታሰበው ጥቅም አልተገኘም፤ ሰው ግን እየያዘ ወደ ሌላ ውሃ ወሰደው። ፍሎሪዳ ደግሞ ክረምቷ ክረምት አይደለም። ዛሬ በብዙ ሐይቆቿና ወንዞቿ ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ሆኗል፤ ጎጆውን የሚሠራውም የአገሩ ዓሣ በሚራባበት በዚያው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው። ቴክሳስም ሌላ ምሳሌ አላት። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያዎች የሞቀ ውሃቸውን የሚያፈስሱባቸው ሐይቆች አሉ፤ እነዚህ ክረምት ከበጋ ሙቅ ናቸው። ትሪኒዳድ ከሚባለው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በወጣ ጥናት እንደታየው ቲላፒያው እጅግ ሲበዛ ትልልቆቹ ባሶች ቢኖሩም ልጆቻቸው ሳያድጉ ቀሩ። አየህ? ቀለብ ተብሎ የመጣው የበላተኛውን ዘር አመናመነ።

እኛ አገር ጫሞ ላይ ይህ ነገር በሌላ መልክ ተስተካክሎ ኖሯል። ቆሮሶ እዚያ ከናይል ፐርች፣ ከአዞና ከአምባዛ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው፤ ሁሉም የሚበላውንም እሱን የሚበላውንም ለምዷል። ከሐይቁ ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ግን በአንድ ሚያዝያ ከመኪና ላይ አይወርድም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ያለህ ወንድሜ መሬት ገዝተህ፣ ኩሬ ኖሮህ፣ «የአገሬን ዓሣ ላምጣበት» ብለህ ከሆነ መጀመሪያ የስቴትህን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጠይቅ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ አንዱ ጋ የሚፈቀደው የቲላፒያ ዓይነት ሌላው ጋ የተከለከለ ነው፣ አንዳንዱም ፈቃድ ይጠይቃል። ኩሬህ በጎርፍ ጊዜ ሞልቶ ወደ ወንዝ የሚፈስስ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ባይከለክልህም ራስህን ከልክል። የአንተ አጥር ውሃን አያቆምም።

ሌላም የምፈራልህ ነገር አለ። ሰው ባሱ ሲከሳበት ወዲያው ወደ ገበያ ይሮጣል። ቆሮሶ ይገዛል፣ ሻድ የሚባለውን ዓሣ ይገዛል፣ ብሉጊል ይጨምራል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ኩሬው በከሱ ትንንሽ ባሶች ከታጨቀ እነሱን እያወጡ መብላት ግድ ነው፤ አፍ ሲቀንስ ለቀረው ይተርፋል። መልሶ መልቀቅ የለመደ አጥማጅ ይህን ለመቀበል ይቸግረዋል፤ ዓሣውን የሚወድ ይመስለዋል እኮ! የጆርጅ ፔሪ ቤተሰብ እዚህ ቢኖሩ ትንሹን ባስ ጠብሶ መብላት ነውር እንዳልሆነ ያስረዱት ነበር። ባሱን ሳይቀንሱ በየዓመቱ ቆሮሶ መግዛት በየዓመቱ ሂሳብ መክፈል ነው፤ ቆሮሶው በመከር ሲያልቅ ያ ሁሉ አፍ በክረምቱ ብሉጊሏ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ከተመናመነች ደግሞ ኩሬው ከድሮው ብሶ ይገኛል። ብሉጊል የዓመት ቀለብ ናት፣ ቆሮሶ የበጋና የመከር ጭማሪ። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ከሰው አንጻር ደግሞ መከር ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ያ ሁሉ ቆሮሶ ሊሞት ነው። ለባሱ ከአፉ በላይ የሆነው ትልቁ ቆሮሶ፣ በሚያዝያ የለቀቅኸው እናትና አባት፣ አሁን ኪሎ ገደማ ሆኗል። እሱን ባስ አይውጠውም፤ ከሞተ ዳር ላይ ተንሳፍፎ ለአሞራና ለሽታ ነው የሚቀረው። ብዙ ባለ ኩሬዎች የመጀመሪያው ብርድ ሳይገባ የሚወረወር መረብ ይዘው ወደ ዳር ይወርዳሉ፤ ውሃው ቀዝቀዝ ሲል ቆሮሶው ስለሚዝል መሰብሰቡ ቀላል ነው። ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ አድርገህ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጥቀህ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው አሽተህ ዘይት ውስጥ ብትጥለው ከበረዶ ቤቱ ጋር አይወዳደርም። ልጆችም ከራሱ ውሃ የወጣ ዓሣ ምን እንደሚመስል ያዩበታል። ይህን ሳያደርጉ ሬሳ የሚለቅሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሁለት ጊዜ የሚጠቅም ነገር ይዘው አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት።

እና በቀጣዩ ዓመት እንደገና ይገዛ ወይስ ይቅር? ለዚህ የባሱ ሆድ ይመልስልሃል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በየካቲት፣ ከየመጠኑ ጥቂት ባስ ይዘህ ቁመቱንና ክብደቱን መዝግብ። የዓሣ ባለሙያዎች በየቁመቱ ሊኖር የሚገባውን ክብደት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ባስህ ከዚያ ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኩሬህ ራሱን ችሏል፣ ገንዘብህን ያዝ። ከ85 በታች ከወረደ መጀመሪያ ትንንሾቹን ባሶች አውጣ፣ ብሉጊሏ መኖሯን እይ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውሃው 18 ዲግሪ ሲደርስ የዓሣ ነጋዴውን መጥራት። ሲመጣም ወንድና ሴት የተቀላቀለበት መሆኑን ጠይቀው።